የወንድሜ ግራኝ ቤዝ

«ለክር ሞተ» ይላሉ። ወንድሜን ነው።

ለቅሶው ላይ፣ ከቅሬው፣ ከዕድሩ፣ ድንኳን ሥር ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ፣ እኔ እንዳልሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይሉት ነበር። አሁን ዝቅ ማድረጉንም ትተውታል።

«ደብረ ሲና ምን ሊያመጣ ወጥቶ ነው?»

«የጊታር ክር አሉ።»

«ክር?»

«ክር።»

ከዚያ ከንፈር ይመጠጣል። ያ ከንፈር የሚመጠጠው ለሞተው አይደለም። ለክሩ ነው። እኔ ልዩነቱን አውቀዋለሁ።

የሆነው ይኼ ነው። ደብረ ሲና ፎቶ ቤት የሚሠራ አንድ ሰው አንገቱ የተሰበረ ቤዝ ጊታር ነበረው። ጊታሩ ከእንግዲህ አይሆንም፤ ክሮቹ ግን አዲስ ናቸው። ወንድሜ የጠገናትን ትንሽ ስፒከር ይዞ ወጣ። ስፒከሯን ሰጥቶ ክሮቹን ተቀበለ። ሲመለስ ባቄላ የጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፈረ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ አለ። ወንድሜና የመኪናው ረዳት ሞቱ። ሹፌሩ ተረፈ።

ስለ ረዳቱ «ለባቄላ ሞተ» ያለ ሰው አልሰማሁም። «ሥራ ላይ እያለ፣ ምስኪን» ነው ያሉት። ወንድሜም ባቄላ ሊያመጣ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ሥራ ላይ እያለ በሞተ ነበር። ክር ስለሆነ ግን ሞቱ ራሱ የቀልድ ዓይነት ሆነ። ያው አንድ መኪና፣ ያው አንድ ገደል።

ይኼን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ትንሽ ቆይቼ፣ ሲበርድልኝ ልጽፈው ብዬ ነበር። አልበረደልኝም።

ወንድሜ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ባጃጅ ይነዳ ነበር። ከሰዓት ፀሐይዋ ስትከር፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲገባ፣ ባጃጇን ግድግዳ ሥር ያቆምና ቤት ገብቶ ቤዝ ጊታር ይፈታል። መጫወት ብቻ አልነበረም። ይገዛል፣ ይፈታል፣ ይቀይራል፣ ይገጥማል፣ ይሸጣል። ከአዲስ አበባ፣ ከደሴ፣ የተሰበረ፣ የተጣመመ፣ ድምፁ የጠፋ ቤዝ በስልክ ፎቶውን አይቶ ይገዛል። የአውቶቡስ ረዳቶች በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለው ያወርዱለታል። እሱ ሲያድነው ደግሞ ለሰርግ ባንዶች፣ ለሆቴል ተጫዋቾች ይሸጠዋል። ከሸጠው ሌላ የታመመ ይገዛል። ግድግዳችን ላይ ያልተሰቀለ ቤዝ የለም። ሁሉም መጥቶ፣ ትንሽ ኖሮ፣ ሄዷል።

አንድ ደንብ ነበረው። አዲስ የመጣ ጊታር በመጣበት ቀን አይነካም። ግድግዳ ላይ ይሰቅለውና ይተወዋል።

«ለምን አትፈታውም?» እለዋለሁ።

«ከደጋ ነው የመጣው። ቆላውን ይልመድ።»

«እንጨት ነው እኮ!»

«እንጨትም ደገኛ አለው። ከአዲስ አበባ የወረደ ሰው መጀመሪያ ምን ይሆናል? ያብጣል፣ ይተኛል፣ ያማርራል። ሲነሳ ነው በሽታው የቱ እንደሆነ የምታውቀው።»

እውነቱን ነው። ያኔ አንገቱ በሙቀቱ የተጣመመው ብዙ ጊዜ ሲሰነብት ራሱ ይመለስ ነበር። ሌላው ጠጋኝ ቸኩሎ ሲያጠብቀው ይሰብረዋል። ወንድሜ ግን ይጠብቃል። በሕይወቱ በትዕግሥት የጠበቀው ነገር እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ባጃጅ ሲነዳማ ለአህያ እንኳ መንገድ አይለቅም ነበር።

ጎረቤቶቻችን ይቀልዱበታል። አንዱ ጫማ ሻጭ በበራችን ባለፈ ቁጥር ይቆማል።

«የሌላው ሰው ጊታር ስድስት ክር አለው። ያንተ አራት። ሁለቱን ሸጥካቸው?»

«ሁለቱን ለሚስትህ ልብስ ማስጫ ሰጥቻታለሁ» ይለዋል ወንድሜ፣ ከሥራው ቀና ሳይል።

ይሳሳቃሉ። ያ ጫማ ሻጭ ለቅሶው ላይ «ለክር» ካሉት አንዱ ነው።

አሁን ስለ ግራ እጁ ልናገር። ይኼን ያልተረዳ ሌላውን አይረዳውም።

ወንድሜ ግራኝ ነበር። እንደ እኛ ባለ ቤት ግራ እጅ ለማዕድ አይቀርብም። ልጅ ሆኖ ግራውን ወደ ሳህኑ ሲሰድ እናቴ በማማሰያ ትመታዋለች። ቁርአን ቤትም፣ ትምህርት ቤትም እንደዚያው። በቀኝ መብላት ለመደ፣ በቀኝ መጻፍ ለመደ፣ ጽሑፉ እስከ መጨረሻው ዶሮ የጫረው ይመስል ነበር። ቤዝ ሲይዝ ግን ግራ ሆነ። የሰው ሁሉ ጊታር ደግሞ ለቀኝ እጅ ነው የሚሠራው። ለግራኝ የተሠራ አለ ይላሉ፤ በእኛ አገር ግን ማንም አይቶት አያውቅም። «በቀኝ ልመደው፣ ምን አለበት?» ያሉት ብዙ ናቸው። እኔም ብዬዋለሁ።

«ሁሉን በቀኝ ለምጃለሁ» አለኝ። «ይኼ አንዱ እንደ ተፈጠርኩት ይሁንልኝ።»

ድምፁን ከየት እንዳመጣውም አውቃለሁ። ከአጎታችን ነው። አጎታችን የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ አባታችን ከሞተ በኋላ ግን የቤቱ ታላቅ ሆኗል። መንዙማ ሲኖር ድቤውን፣ ትልቁን ከበሮ፣ የሚመታው እሱ ነው። ልጆች ሆነን ከጎኑ ነበር የምንቀመጠው። ድቤው ሲመታ ከጆሮ በፊት ደረት ነው የሚሰማው። ወንድሜ አንድ ሰርግ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የቤዝ ስፒከር አጠገብ ሲቆም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ። «የአጎቴ ድቤ ነው እኮ!» አለ። «ዜማ አስተምረውት ነው እንጂ ድቤው ነው።» ይኼን ለአጎቴ ሲነግረው አጎቴ አልሳቀም።

«ድቤው ለነቢ ነው» አለው። «ያንተ ለማን ነው?»

ጥያቄው አሁንም ያናድደኛል። ሁሉ ነገር ለማን እንደሆነ የሚጠየቀው ወንድሜ ብቻ ነበር።

ያቺ ክሩ የተፈለገላት ቤዝ የመጣችው ከካራቆሬ ነው። እዚያ በሆቴልና በሰርግ ላይ የሚጫወት አንድ ሰውዬ ነበር፤ በአካባቢው ቤዝ ሲባል የሚጠራው እሱ ነው። ወንድሜን ሲያይ መሳቅ ይወድ ነበር። «ግራኙ መጣ፣ ክሮቻችሁን ደብቁ!» ይላል። አንድ ቀን አንገቷ የጎበጠ ቤዝ ሸጠለት። ሲሸጥለት «ማገዶ ነው፣ ወንድሜ። ማገዶ ነው ብዬ ነግሬሃለሁ፤ በኋላ እንዳትመጣብኝ» አለው፤ ቡና ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። እኔ አብሬው ነበርኩ። ጆንያ ውስጥ አድርገን በሚኒባስ ይዘናት መጣን።

ሰቀላት። ሰነበተች። ሲያወርዳት አንገቷ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውዬው ከልክ በላይ አጥብቆት እንደነበር አወቀ። ትንሽ አላላው፣ ሰቀላት። እንደገና ትንሽ አላላው፣ ሰቀላት። ቀጥ አለች።

ከዚያ ግራኝ አደረጋት። ጊታር ሲገለበጥ የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ ወደ ላይ ይመጡና የተጫዋቹ ክንድ ይነካካቸዋል። እሱ ነቅሎ ወደ ታች አዛወራቸው፤ የቀረውን ቀዳዳ ከተሰበረው የአባታችን ሳጥን ላይ በቆረጠው ዋንዛ ደፈነው። የዋንዛው ቀለም ከጊታሩ ቀለም አይገጥምም። ቀለም ቀባው ስለው እምቢ አለ። ማንገቻዋን አዛወረ። ክሮቹን ገልብጦ አሰራቸው፤ ወፍራሙ ከላይ እንዲሆን፣ ለግራኝ።

የቀረው አንገቷ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባት ትንሽ ቁራጭ ነበረች። እዚያ ላይ ለየክሩ ጎድጓዳ መንገድ አለው። ፕላስቲክ ነበር፣ ለቀኝ እጅ የተቆረጠ። ለወፍራሙ ክር የተቆረጠው ቦታ ላይ ቀጭኑ ሲገባ ይንቀጫቀጫል። ስለዚህ አጥንት ፈለገ። ዐረፋ ነበር። አጎቴ በሬ አርዶ ነበር። ወንድሜ የቅልጥሙን አጥንት ይዞ ወደ እናቴ ሄደ።

«ቀቅይልኝ፣ እማ። ቅባቱ ይውጣ።»

«ሥጋ የሌለው አጥንት? ለውሻ ነው?»

«ለጊታር ነው።»

«አላህ ይድረስልኝ! ጊታርህ ቅልጥም መብላት ጀመረች?»

ግን ቀቀለችለት። ከዚህ በፊት ክሮቹንም እንዲሁ ትቀቅልለት ነበር። የእኛ ቆላ ላብ ክር ይገድላል፤ ድምፁ ይደነዝዛል። ሲቀቀል ትንሽ ነፍስ ይዘራል። አዲስ ክር ከየትም ስለማይገኝ የኛ ክሮች ከንፍሮው ድስት ገብተው ነበር የሚድኑት። እናቴ እየተሳደበች ታማስላቸዋለች። «ክር እየቀቀለች ልጅ ያሳደገች እናት እኔ ብቻ ነኝ» ትል ነበር።

አጥንቱን በመጋዝ ቆረጠ፣ ድንጋይ ላይ ፈጨ፣ በሞረድ አራት መንገድ አወጣለት። ከጣት አይበልጥም። ሲገጥመውና ክሩን ሲመታ ድምፁ ተለወጠ። እንዴት ልበል፣ ጠራ። እናቴ ከማድቤት ሆና «አሁን ደህና ነው» አለች። እሷ ስለ ሙዚቃ አንድ ነገር ተናግራ አታውቅም።

ያችን ቤዝ አልሸጣትም። ብዙ ሰው ጠይቆታል። ሌሎቹን ሁሉ እየሸጠ እሷን አስቀረ። ክሮቿ ግን ደጋግመው ተቀቅለው አልቀው ነበር። ደብረ ሲና የወጣው ለዚህች ነው።

ጀናዛውን ያጠበው አጎቴ ነው። እኔ ውሃ አፈስስ ነበር። ከቀኝ ነው የሚጀመረው። አጎቴ ቀኝ እጁን ያዘና ጣቶቹ ጋ ሲደርስ ቆመ። የጣቶቹ ጫፍ ላይ ቆዳው ደንድኗል፤ እንደ ተረከዝ።

«ይኼ ምንድነው?» አለኝ።

«ክር ነው። ክሩን የሚጫነው በዚያ ነው።»

«በቀኙ?»

«ግራኝ ነው እኮ። በግራው ይመታል፣ በቀኙ ይጫናል።»

አጎቴ አንድ በአንድ አጠባቸው። እኔ ያኔ ገብቶታል ብዬ ነበር። ሰው እንዲህ ያለ ነገር በእጁ ይዞ ሳይገባው እንዴት ይቀራል ብዬ።

ልብሶቹ ለሰደቃ ወጡ። ጫማውን የአክስቴ ልጅ ወሰደ። ባጃጇ ለእኔ ቀረች። ቤዟ ግድግዳ ላይ ነበረች፤ አዲሶቹ ክሮች፣ ከእሱ ኪስ የወጡት፣ በወረቀት እንደተጠቀለሉ ሥሯ። ከአርባው በኋላ አጎቴ መጥቶ እናቴ ፊት ተቀመጠ።

«ያ ነገር ከቤት ይውጣ» አለ። «እሱ ወደ ጌታው ሄዷል። ያ ነገር በተመታ ቁጥር ወንጀሉ ለሱ ይጻፋል። ልጁን በቀብሩ እናሳርፈው።»

እናቴ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ያናደደኝ ያ ነው። ሐዘኑን ችላው ነበር። አሁን ግን ልጇ መሬት ውስጥ ሆኖ በእያንዳንዱ ድምፅ እየተቀጣ እንደሆነ አሰበች። ይኼንን ሐሳብ ማን ሰጣት? ድቤ የሚመታው ሰው።

«ሽጡት ነው የሚሉት?» አልኩት።

«ይሸጥ።»

«የገዛው አይመታውም?»

«ያኔ የሚጠየቀው የገዛው ነው።»

«እንደዚህ ቀላል ነው? በሽያጭ ይጠራል?»

«አንተ ልጅ፣ ምላስህን ያዝ።»

«ያዝኩ። እሱም ይዞ ነው የሞተው።»

እናቴ «በቃችሁ» አለች። «ይሸጥ። ልጄ እንዳይጨነቅብኝ።»

በማን ልናደድ? በእሷ አልችልም። በአጎቴ ግማሽ ብቻ ነው የምችለው፤ እነዚያን ጣቶች ሲያጥብ አይቼዋለሁ። በወንድሜ ተናደድኩ። ለምን ሌላ ቀን አልሄድክም? ለምን ሚኒባስ አልጠበቅክም? ለእንጨት የነበረህ ትዕግሥት ለመኪና የት ሄደ? እያልኩ ባዶ ባጃጅ ውስጥ ጮኼ አውቃለሁ።

ሊገዛ የመጣው የካራቆሬው ሰውዬ ነው። ወሬው ደርሶት ኖሯል።

ግቢው ውስጥ ጥላው ሥር ነበርን። እናቴ ሰፌድ ላይ የማሾ ጥራጥሬ እየለቀመች ነው። አጎቴ ዱካ ላይ ተቀምጧል። ሰውዬው የመጠገኛ ዕቃዎቹን በቦርሳ ይዞ ገባ።

«ነፍስ ይማር፣ እትዬ። እግዜር ያጽናሽ።»

«አሚን» አለች እናቴ።

ቤዟን አወጣሁለት። ተቀበለኝና አንገቷ ላይ በዓይኑ አነጣጠረ፣ እንደ ጠመንጃ። ፉጨት አሰማ።

«አይ ይኼ ልጅ! እውነትም አድኗታል። እኔ እኮ ማገዶ ነች ብዬ ነው የሰጠሁት፣ ጋሼ» አለው ለአጎቴ። ከዚያ እቅፉ ውስጥ አደረጋት። ክሮቹ የተገለበጡ ናቸው። ሳቀ። «ግን ግራ አድርጓታል። ይኼን በአገሩ ማን ይጫወተዋል?»

«እሱ ይጫወታት ነበር» አልኩ።

«እሱማ እሱ ነው። አሁን ወደ ሰው እጅ እንመልሳታለን።»

ወደ ሰው እጅ። እንዲህ ነው ያለው። ጥርሴን ነከስኩ፤ እናቴን እያየሁ።

ቁጭ አለና ክሮቹን ማላላት ጀመረ።

«እዚሁ?» አልኩት።

«እዚሁ። ገልብጬ ሳልሰማት አልወስዳትም። ደግሞ ይቺን ነገር መንቀል አለብኝ፤ ፕላስቲኳን ይዤ መጥቻለሁ።»

አጥንቷን ነው። መፍቻውን ከሥሯ አስገባ። ወንድሜ ሲያጣብቅ ለዘላለም ነው የሚያጣብቀው።

«ቀስ በል፣ ተጣብቃለች» አልኩት።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ይኼን ሥራ ስጀምር አንተ አልተወለድክም።»

መፍቻውን በፒንሳ መታው። ጧ አለ። አጥንቷ ለሁለት ተሰበረች። አንዱ ቁራጭ ተፈናጥሮ ሄደና እናቴ ሰፌድ ላይ፣ ማሾው መሃል ወደቀ።

እናቴ እንደ ጠጠር በሁለት ጣቶቿ አነሳችው። ልትጥለው ስትል አየችው።

«ይኼ ምንድነው?»

«ምንም አይደል፣ እትዬ። አጥንት ናት። በአዲስ እቀይራታለሁ።»

«የምን አጥንት?»

ሰውዬው ወደ እኔ አየ። እኔ ነገርኳት።

«የዐረፋው በሬ ነው፣ እማ። አንቺ የቀቀልሽለት።»

እናቴ ቁራጯን መዳፏ ላይ አደረገቻት። አጎቴ ዱካው ላይ ጎንበስ አለ። በሬውን ያረደው እሱ ነው፤ አጥንቱ የት እንደገባ አያውቅም ነበር።

እኔ ግን ያን ጊዜ ፈነዳሁ። ምን እንዳልኩ በሙሉ አላስታውስም። «ማገዶ ብለህ የጣልከውን ነው ልትወስድ የመጣኸው!» ብዬዋለሁ። «ስትስቅበት ኖረህ! ከሞተ በኋላ እጁን ልትነቅል!» እንዲህ ብያለሁ፣ እጁን። ሰውዬው ተነሳ። እሱም ተቆጣ።

«እኔ ምን አደረግኩ? እኔ ነኝ የገደልኩት? እሱ ራሱ ለክር ብሎ ...»

«ዝም በል!»

ይኼን ያለው አጎቴ ነው። ቆሞ ነበር።

«ይቺን ቃል እዚህ ግቢ ውስጥ እንዳትደግማት» አለው። «ውጭ በሉ። አልከለክልም፣ አፍ አይታሰርም። እናቱ ፊት አትበላት።»

እናቴ «የቷን ቃል?» አለች።

እሷም ሴት ናት፣ ለቅሶ ላይ ተቀምጣለች፣ ጆሮ አላት። ቀድሞም ሰምታው ኖሯል መሰለኝ። ሰፌዱን ከጭኗ አወረደች።

«አስቀምጣት፣ የኔ ልጅ» አለችው ሰውዬውን፣ በእርጋታ። «አትሸጥም።»

«እትዬ፣ ተነጋግረን ነበር እኮ። ከካራቆሬ ድረስ ...»

«ተነጋግረን ነበር። አሁን አትሸጥም አልኩ። መንገድህን ኸይር ያድርግልህ።»

ሄደ። በሩ ላይ ዞሮ «የተሰበረ ነገር ነው፤ ግራኝ ፈልጋችሁ አጫውቱት» አለ። ያ ሰውዬ ሳይቀልድ መውጣት አይችልም።

ጥላው ወደ አጥሩ ዞረ። ለአስር፣ ለከሰዓቱ ሶላት፣ ገና ነበር። አጎቴ ተመልሶ ተቀመጠ። ጉዳዩን ይተዋል ብዬ ነበር። አልተወም፤ እሱ የሚያምንበትን የሚተው ሰው አይደለም።

«አልተሸጠም፣ እሺ» አላት እናቴን። «ግን ያልኩሽ አልተለወጠም። በተመታ ቁጥር ለሱ ይጻፋል። ይቺ ነገር እዚህ እያለች ይኼ ልጅ ሳይመታት ይውላል?»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«መብራት ከሌለው ይጮሃል?»

«አይጮህም፣ እማ። ማጉያው ላይ ካልተሰካ ድምፅ የለውም። የያዘው ሰው ብቻ ነው የሚሰማው።»

«ጎረቤት አይሰማም?»

«አይሰማም።»

«እኔስ?»

«አንቺም። ከጎኔ ካልሆንሽ።»

«ማጉያውን ሽጠው» አለች። «ጊታሩ ይቀመጥ።»

አጎቴ ራሱን ነቀነቀ። «ሰው ባይሰማ አላህ ይሰማል።»

«እሱ ከሰማ እሱ ይፍረድ» አለችው። «አንተ አትሰማም።»

እናቴ ለወንድሟ እንዲህ ስትመልስ አይቼ አላውቅም። እሱም አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ተነሥቶ ለውዱእ ውሃ ጠየቀ። አመጣሁለት። ሲታጠብ ከቀኝ ጀመረ፤ ጣቶቹ ጋ ሲደርስ ወደ እኔ አላየም።

ማጉያውን ከማጀቴ ከተማ ለመጣ ልጅ ሸጥኩት። የተሰበረችውን አጥንት ልጠግናት ሞከርኩ፤ አልሆነም። እናቴ ሾርባ ስትሠራ የቅልጥም አጥንት ነጥላ፣ ነጭ እስኪሆን ቀቅላ፣ ምንም ሳትል መስኮቱ ላይ አስቀመጠችልኝ። እኔ እንደ እሱ አይደለሁም። የመጀመሪያው ስፈጨው ተሰነጠቀ። ሌላ አስቀመጠች። እሱን ደግሞ መንገዱን አጥልቄ አበላሸሁት። ሌላ አስቀመጠች። ያቺኛዋ ሆነች፣ ጥሩ አይደለችም፣ ግን ክር ትይዛለች። ከእሱ ኪስ የወጡትን ክሮች ያሰርኩት በዚያች ላይ ነው። ገልብጬ። ወፍራሙ ከላይ፣ ለግራኝ።

እኔ ቀኝ ነኝ። ቤዟን ስይዝ ጫማ በተቃራኒ እግር የማጠልቅ ይመስለኛል። ግራ እጄ መምታት አያውቅም፣ ቀኝ እጄ መጫን አያውቅም። ወንድሜ ያስተማረኝ አንዲት ዜማ ናት፣ የአጎቴን የድቤ አመታት የሚከተል። እሷን እንኳ ገና አላወጣኋትም። አገጬን እንጨቱ ላይ አሳርፋለሁ፤ እንደዚያ ካልሆነ አይሰማም። በአጥንት ነው የሚሰማው። እናቴ በዚያ በኩል ስታልፍ አንዳንዴ ትቆማለች። አትጠይቅም። እኔ አልሰማትም፣ እሷም አትሰማኝም።

ያለፈው ሰሞን በቀትር አንድ ሰው ከመናኸሪያው ጫንኩ። ኮሮጆ ይዟል፣ ላቡን ይጠርጋል። ትንሽ እንደሄድን በመስታወቱ አየኝ።

«አንተ የዚያ ልጅ ወንድም አይደለህም? ለክር የሞተው?»

ባጃጇን ጥግ አስያዝኩ። ከዚያ እስከ ገበያው አንድ ዛፍ የለም።

«ውረድ» አልኩት።

«ምነው? ምን አጠፋሁ?»

«ውረድ። ሒሳብ አልፈልግም።»

«ሰውዬ፣ በዚህ ፀሐይ? የሰማሁትን ነው ያልኩት እኮ!»

«ውረድ አልኩህ።»

ወረደ። ሲሰድበኝ ሰማሁት፣ ዞሬ አላየሁም። ነዳጁን በቀኝ እጄ ስጠመዝዝ ክሩ ጣቶቼ ጫፍ ላይ ያቋጠረው ውሃ ፈረጠ። መሪው ረጠበ። አቃጠለኝ፣ ክፉኛ። እጄን አላነሳሁም። እንዲህ ሲፈርጥ፣ ሲደርቅ፣ ሲፈርጥ ነው ቆዳው የሚደነድነው። የወንድሜንም ያየሁት እንደዚያ ሲሆን ነው።